ሰው ያልበሳው ድንጋይ፦ ጎረቤቴ የሰጡኝ ቀዳዳ ጠጠር መተት ይሆን?

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ብራይተን ነው። ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እንግሊዛዊት ናቸው። የሦስት ዓመት ልጄ ሌሊት እየባነነ ሲያስቸግረኝ ለእሳቸው አጫወትኳቸው። በማግስቱ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከአሮጌ ቁልፍ ጋር በክር አስረው አመጡልኝ። ‹አልጋው ላይ ስቀይለት› አሉኝ። አገር ቤት ላለችው እናቴ በስልክ ብነግራት ‹ቶሎ አውጥተሽ ጣይው፣ መተት ነው› አለችኝ። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን እኔም ፈራሁ። ድንጋዩ ምንድነው? ማን በሳው? ለምንስ ይሰቅሉታል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ገብቶኛል። ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም። ድንጋዩ አንቺን ለመጉዳት የተሠራ አይደለም። እንዲያውም ከነጭራሹ «የተሠራ» ነገር አይደለም። ጎረቤትሽ ያደረጉት፣ አገር ቤት አንዲት ባልቴት ለአራስ ትራስ ሥር ቢላ እንደምታደርገው ያለ ነው። ለልጁ አስበው ነው ያመጡት።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። ከልጁ አልጋ ላይ አንሺው። የመንፈስ ነገር አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ አጠገብ ክር ከተንጠለጠለ አንገቱ ላይ ሊጠመጠምበት ይችላል። ክሩ ቢበጠስ ደግሞ ድንጋዩ ፊቱ ላይ ይወድቃል። እጁ የማይደርስበት መስኮት ላይ ይሁን።

ሙያዬ ጂኦሎጂ ነው። የተማርኩት በሶቭየት ኅብረት ጊዜ፣ ኦዴሳ ነው። በመጀመሪያው የሐምሌ ዕረፍት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ክራይሚያ ሄድን። እነሱ ባሕር ዳር አጎንብሰው ሰዓታት ሙሉ ጠጠር ይፈልጋሉ። አንዷ በመጨረሻ ጮኸች። እጇ ላይ ቀዳዳ ድንጋይ ነበር። «ኩሪኒ ቦግ!» አለች። «የዶሮ አምላክ» ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚህን ድንጋዮች እሰበስባለሁ። ሰው ስለ እነሱ የሚያወራውንም እንደዚያው።

ማን በሳው ላልሽው፣ ማንም አልበሳውም።

የብራይተን ዳርቻ አብዛኛው አሸዋ ሳይሆን ጠጠር መሆኑን አይተሻል። ጠጠሩ በብዛት ባልጩት ነው። እኛ ባልጩት ስንል ብዙ ጊዜ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘውን፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጨውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እናስባለን። የእንግሊዙ ሌላ ነው። እሱ ከባሕር ወለል የመጣ ነው።

ከብራይተን ወደ ምሥራቅ በአውቶቡስ ብትሄጂ ሰቨን ሲስተርስ የሚባሉትን ነጭ ገደሎች ታገኛለሽ። ያ ነጭ ነገር ጠመኔ ነው፤ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የምናውቀው ዓይነት። ከ100 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ያ ቦታ ሞቃት ባሕር ነበር። በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ፍጥረታት እየሞቱ ቅርፊታቸው ወለሉ ላይ ተከማቸ። ጠመኔው እሱ ነው። በዚያው ወለል ላይ ስፖንጅ የሚባሉ እንስሳት ይኖሩ ነበር። የብዙዎቹ አጽም ሲሊካ ነው፤ መስታወት የሚሠራበት ነገር። ሲሞቱ ሲሊካው ሟሙቶ ጭቃው ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ ተመልሶ ይጠጥራል። የሚጠጥረውም ብዙውን ጊዜ ሸርጣንና መሰሎቹ ቆፍረውት በሄዱት ዋሻ ውስጥ፣ ወይም በስፖንጅ ዙሪያ ነው። ባልጩቱ የዝንጅብል ሥር የሚመስለው ለዚህ ነው። እጅና እግር ያወጣል፣ ይጠማዘዛል፣ አንዳንዴም ዞሮ ራሱን ይገጥማል።

እንዲህ ሲገጥም መሐሉ ላይ ለስላሳ ጠመኔ ይቀራል። ሚሊዮን ዓመታት ያልፋሉ። ገደሉ ይናዳል፤ ድንጋዩ ባሕር ውስጥ ይገባል። ማዕበሉ ጠመኔውን ያጥብና ያወጣዋል። ባልጩቱ ግን በቢላ እንኳ አይጫርም፤ ስለዚህ ይቀራል። ማዕበሉ ድንጋዩን አልበሳውም ማለት ነው። ድሮ የተደፈነውን በር ነው የከፈተው።

ይህን ራስሽ ማየት ትችያለሽ። የስልክሽን መብራት ቀዳዳው ውስጥ አብሪ። የውስጡ ግድግዳ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ልጣጭ ካየሽ፣ ያ ልጣጭ ድንጋዩ ሲፈጠር ጀምሮ የነበረ ቆዳው ነው። ሰው በመሰርሰሪያ ቢበሳው ኖሮ ውስጡ ጥቁሩ ሥጋ ይታይ ነበር። ብዙ የተንከባለለ ድንጋይ ልጣጩ ሊያልቅ ይችላል፤ ግን ሥርጉድ ውስጥ ትንሽ አይጠፋም።

ሌላ ዓይነት ቀዳዳም አለ። እሱን ለብቻው እወደዋለሁ። ፒዶክ የሚባል ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ አለ። ገና ሚጢጢ ሳለ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ቅርፊቱ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። ግራና ቀኝ እየዞረ ድንጋዩን እየፋቀ ይገባል። ውስጥ ሆኖ ያድጋል፤ የገባበት በር ግን ጠባብ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ አይወጣም። ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ስለዚህ የፒዶክ ቀዳዳ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ነው። ባልጩትን አይችለውም። ጠመኔ፣ የኖራ ድንጋይና የጠነከረ ሸክላ አፈር ነው የሚመቸው። ድንጋይሽ ላይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ጣይበት። ከፈላ ጠመኔ ወይም የኖራ ድንጋይ ነው። ዝም ካለ ባልጩት ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ያሉ ድንጋይ በሺ እንስሳት አንድ ጊዜ ትልቅ ክርክር ፈትተዋል። ጣሊያን ውስጥ፣ ኔፕልስ አጠገብ፣ ፖትዙኦሊ በምትባል ከተማ ሦስት የሮማውያን ዓምዶች ቆመዋል። ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ የባሕር እንስሳት ቀዳድተዋቸዋል። ዓምዶቹ መሬት ላይ ተሠርተው፣ ባሕር ውስጥ ሰጥመው፣ ተመልሰው ወጥተዋል ማለት ነው፤ ያውም ሳይወድቁ። የጂኦሎጂ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቻርለስ ላየል እ.ኤ.አ. በ1830 መጽሐፉን ሲያሳትም የመጀመሪያ ሥዕል ያደረገው እነዚህን ዓምዶች ነው። መሬት ከፍና ዝቅ እንደምትል ምስክሩ ቀዳዳ ነበር።

ወደ ጎረቤትሽ ልመለስ። እንግሊዞች ይህን ድንጋይ «ሃግ ስቶን» ይሉታል። ሃግ አሮጊት ጠንቋይ ናት። ሌሊት መጥታ የተኛ ሰው ደረት ላይ ትቀመጣለች ይባላል። ሰውዬው ይነቃል፤ ግን መንቀሳቀስ አይችልም። ልጩኽ ይላል፤ ድምፅ የለም። ትንፋሹ ይቆረጣል። ይህን ታውቂዋለሽ። እኛ ዱካክ የምንለው ነው። አንድ ዓይነት ፍርሃት በሁለት አገር ሁለት ስም አገኘ።

ሐኪሞች የእንቅልፍ ሽባነት ይሉታል። ሕልም እያየን ሳለ እንዳንወራጭ ሰውነታችን ይታሰራል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ማሰሪያው ሳይፈታ ይቀራል። ያኔ ነው አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ያለ የሚመስለው። እንግሊዞች ቅዠትን «ናይትሜር» ሲሉም መነሻው ይኸው ነው። «ሜር» የሚለው ቃል ባዝራን ያስመስላል፤ ግን ድሮ በሰሜን አውሮፓ ደረት የምትጫን መንፈስ መጠሪያ ነበር። በባቫሪያና በኦስትሪያ ያቺን መንፈስ ድሩድ ይሏታል። ቀዳዳውንም ድንጋይ «ድሩደንሽታይን» ብለው አልጋ ላይና የሕፃን መኝታ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ጎረቤትሽ ያደረጉት የዘመናት ልማድ ነው። ልጁ ይባንናል ስትያቸው፣ ከአያቶቻቸው የሰሙትን መድኃኒት አመጡልሽ።

ከሰው በላይ ግን ድንጋዩ የፈረስ ነበር። ጆን ኦብሪ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1626 ተወልዶ በ1697 ያረፈ። የአገሬውን ወሬና ልማድ አንድ ሳይቀር ይጽፍ ነበር። በ1696 በታተመ መጽሐፉ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አስፍሯል። ሰዎች በተፈጥሮው ቀዳዳ የሆነ ባልጩት በገመድ አድርገው ግርግም አጠገብ ይሰቅላሉ። ሃጓ ፈረሶቹን እንዳትጋልብ ነው። ምክንያቱም አንዳንዴ ፈረሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያልባቸው ያድራል።

ይህን ሳነብ ያ የፈረስ ጠባቂ ይታየኛል። ጠዋት በረቱን ይከፍታል። ፈረሱ በላብ ርሷል፣ ጋማው ተተብትቧል፣ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ደህና ነበር። ፈረስ ያኔ ማረሻም፣ ጋሪም፣ የቤተሰብ እንጀራም ነው። የእንስሳት ሐኪም የለም። ሆድ ቁርጠት ይሁን፣ የታፈነ በረት ይሁን፣ ሌሊት ተደብቆ የጋለበው ሰው ይሁን አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ፈረሱ ተጋልቧል። ስለዚህ ድንጋይ ሰቀለ። ብዙ ጊዜም ከበረቱ ወይም ከቤቱ ቁልፍ ጋር አሰረው፤ ቁልፉ ብረት ነውና። ክፉ ነገር ብረት ይፈራል የሚለው እምነት እኛም ዘንድ አለ። አንቺ ጋ ያለው ቁልፍ ትርጉሙ ይህ ነው።

በደቡብ እንግሊዝ፣ የዶርሴት ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ጀልባቸው ላይ ያስሩት ነበር። የእነሱ ፍርሃት ባሕር ነው።

በዌልስ፣ በስኮትላንድና በኮርንዎል «የእባብ ድንጋይ» የሚል ሌላ ስም አለ። ታሪኩ ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ጽፎታል። ጎሎች ዘንድ፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ እባቦች ተጠማጥመው በምራቃቸው አንድ ዕንቁላል ይሠራሉ ይባላል አለ። ዕንቁላሉን ወደ ላይ ይተፉታል። መሬት ሳይነካ በልብስ መቅለብ ያስፈልጋል። ከዚያ በፈረስ መሸሽ ነው፤ እባቦቹ ወንዝ እስክትሻገር ድረስ ይከተሉሃል። ፕሊኒ አንዱን በዓይኑ እንዳየ፣ መካከለኛ ፖም እንደሚያህል ይናገራል። በችሎት ያስረታል ተብሎም ይታመን ነበር። አንድ ሮማዊ ፈረሰኛ በክርክር ጊዜ ብብቱ ውስጥ ይዞት በመገኘቱ ብቻ ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ አስገደለው ብሎ ጽፏል። አስቢው፤ አንድን ሰው ያስገደለው ነገር ድንጋዩ አልነበረም። ዳኛው ስለ ድንጋዩ ያመነው ነበር።

ከ1,600 ዓመት በኋላ ዌልሳዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሉይድ አገሩን ሲዞር ያው ወሬ አሁንም አለ። በሐምሌ መቃረቢያ እባቦች ተሰብስበው እፍ ይላሉ፤ አረፋው ቀለበት ሆኖ ይጠነክራል ይሉት ነበር። ያሳዩት ነገር ግን ብዙ ጊዜ የጥንት የብርጭቆ ዶቃ ነበር፤ ገበሬ ሲያርስ የሚያገኘው። ሰው ማን እንደሠራው ሲረሳ ለእባብ ሰጠው። ዶቃውም ቀዳዳው ጠጠርም በአንድ ስም ተጠሩ።

የዶሮ አምላክ ያልኩሽን ልጨርስ። በሩሲያ ገጠር ቀዳዳ ድንጋይ፣ ካልተገኘም የተሰበረ ማሰሮ አንገት፣ ዶሮ ቤት ውስጥ ይሰቀል ነበር። ኪኪሞራ የምትባል የቤት መንፈስ ሌሊት ዶሮዎቹን ላባቸውን ትነጫለች፣ ዕንቁላል እንዳይጥሉ ታደርጋለች ተብሎ ነው። ስሙ ወደ ጀርመንኛም ተሻግሯል። በባልቲክ ዳርቻ፣ በተለይ ሩገን ደሴት፣ ዛሬም ሰው ይህን ድንጋይ ፈልጎ በገመድ ሰክቶ በሩ ላይ ይሰቅላል። ሩገን ላይ ልክ እንደ አንቺ ሰፈር ነጭ የጠመኔ ገደል አለ። ጠመኔ ካለ ባልጩት አለ፤ ባልጩት ካለ ቀዳዳው አለ፤ ቀዳዳው ካለ ወሬው አለ።

ትልልቆቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኮርንዎል ውስጥ ሜን አን ቶል የሚባል ሰው የሚሾልክበት ክብ ቀዳዳ ያለው የጥንት ድንጋይ አለ። ወገባቸውን የሚያማቸው ይሾልኩበት እንደነበር፣ አጥንታቸው የለሰለሰ ሕፃናትንም እንደሚያሳልፉበት የአገሬው ታሪክ ጸሐፊ ዊልያም ቦርላዝ እ.ኤ.አ. በ1754 መዝግቧል። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን፣ ኦርክኒ ደሴቶች ላይ ደግሞ የኦዲን ድንጋይ ነበረ። ፍቅረኞች በቀዳዳው በኩል እጅ ለእጅ ተያይዘው ይማማሉ። ያ መሐላ እንደ ጋብቻ ይቆጠር ነበር። በ1814 በታኅሣሥ አንድ የመሬት ተከራይ ጎብኚ በዛብኝ ብሎ ሰባበረው። ሕዝቡ እጅግ ተቆጣ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ለትንሹ ጠጠር በብዙዎቹ አገሮች ሕጉ ተመሳሳይ ነው። ቀዳዳው የተፈጥሮ መሆን አለበት። ራስህ ከበሳኸው አይሠራም። ከገዛኸውም ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ፤ ማግኘት ወይም በስጦታ መቀበል ነው። የእኛን ክታብ አስቢ። የክታብ ኃይል ከጻፈው ሰው ነው የሚመጣው። ደብተራው ማነው? ምን ጸሎት ጻፈ? በማን ስም? ሁሉም ነገር የሠሪው ነው። የእነሱ ድንጋይ ተቃራኒ ነው። ኃይሉ ሠሪ የለውም ከመባሉ ይመጣል። ማንም እጁን ያላስገባበት ስለሆነ ክፉ ሐሳብም አልገባበትም።

እኛ አገርም ብስ ድንጋይ አለ፤ ግን የሥራ ነው። ሐረርጌ ውስጥ ዶንጎራ በሚባለው የመቆፈሪያ እንጨት ላይ ክብደት እንዲሆን ይሰካል። ሰው ፈልፍሎ ነው የሚበሳው። ከቡዳ ያድነኛል ብሎ የሚሰቅለው ሰው ግን አልሰማሁም። ሠሪው ይታወቃላ።

እንግዲህ መተት የሚለውን ቃል እንየው። መተት ሰው በሰው ላይ የሚያሠራው ነው። ሠሪ አለው፣ ተንኮል አለው፣ የታሰበበት ሰው አለ። ይህ ድንጋይ ሦስቱም የሉትም። እናትሽን አልወቅሳቸውም፤ ከሩቅ ሆነው ለልጅ ልጃቸው ሰግተው ነው። ቃሉ ግን ቀላል አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1736 ድረስ ሰውን በጥንቆላ ከሶ የሚያስገድል ሕግ ነበር። የተሰቀሉት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም እንደ ጎረቤትሽ በዕድሜ የገፉ። እኛም አገር ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤልን ቡዳ ብለን ስንት ግፍ ሠርተናል። በረት ላይ የተሰቀለ ጠጠር ማንንም አልገደለም። ጎረቤትን በጣት መጠቆም ግን ገድሏል። ስለዚህ ድንጋዩን ብትፈልጊ መልሺ፤ ያንን ቃል ግን ከሴትዮዋ ጋር አታያይዢው።

በእምነት በኩል ቤት ውስጥ ማስቀመጡ ይከብድሽ እንደሆነ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። ከፈለግሽ ክሩን ፈትተሽ እንደ ማንኛውም የባሕር ዳር ጠጠር መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ድንጋይ ሆኖ ብቻ ቢቀመጥም ከሰባ ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ልጁ ትንሽ ከፍ ሲል ይህን ብትነግሪው ደስ ይለዋል።

የልጁ መባነን ግን በድንጋይም በመጣልም አይፈታም። በዚህ ዕድሜ ሌሊት መባነን የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሲያድጉ ይተዋል። ከበዛ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ወይም የሚያንኮራፋ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ።

ራስሽ ልትለቅሚ ብታስቢም አንድ ነገር እወቂ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ አለ። በብዙ ዳርቻዎች ጠጠር መውሰድ ክልክል ነው። ጠጠሩ ገደሉንና ከተማውን ከማዕበል ይጠብቃል። የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቢ። ማየትና ፎቶ ማንሳት ማንም አይከለክልሽም።

ለጎረቤትሽ ሻይ አፍይላቸውና ድንጋዩን ከየት እንዳገኙት፣ ማን እንደሰጣቸው ጠይቂያቸው። የቁልፉንም ነገር ጠይቂ፤ የየትኛው በር እንደነበረ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያውቀውን የሚጠይቀው ብዙ አያገኝም። የሚነግሩሽን ጻፊው። ብትልኪልኝ ደግሞ ደስታውን አልችለውም።